ያልተበላ ምሳ

የተቃጠለ ሽሮ ሲሸተኝ ረሃብ አይሰማኝም፤ የሚሰማኝ ንዴት ነው። ባለፈው ሳምንት ከሐይቁ ዳር ወደ ቤቴ ስመለስ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ያ ሽታ መጣብኝ፦ ድስት ሥር የያዘ ሽሮ፣ በእርጥብ ማገዶ ጭስ የተለወሰ። ቆምሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ዋርካው እዚያው አለ። ከሥሩ ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ጉልበቷን አቅፋ ወደ ሕፃናት ክፍል መስኮት ታያለች። ፊቷን አላውቀውም፤ አቀማመጧን ግን አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በነበርሁበት ዓመት፣ ልክ እንዲህ ተቀምጠው የነበሩ ሴት ከዚያ ዛፍ ሥር ሲባረሩ አይቻለሁ።

ቤት ገብቼ ግጥም ልጽፍ ሞከርሁ። ቤት አልመታ አለኝ። ይሁን፤ ይህ ነገር ቤት መምታት የለበትም።

የሳይንስ አስተማሪያችን ጋሽ ይርጋ አንድ ሰኞ ጠዋት ጢማቸውን ሳይላጩ ክፍል ገቡ። ትንሹ ልጃቸው በሳንባ ምች ታሞ ሳምንቱን ሆስፒታል ከርመው ነበር። ጠመኔ አነሡና በጥቁር ሰሌዳው ላይ ትልቅ ድስት ሣሉ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ድስት!" አልን ባንድ ድምፅ።

"ውስጡስ ምን አለ?"

ከኋላ ወንበር አንዱ "ጠመኔ!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ስለ አየር ግፊት ሊያስተምሩን መስሎኝ ደብተሬን ገልጬ "ባዶ ድስት" ብዬ ርእስ ጽፌ ከሥሩ አስምሬ ነበር።

"ምንም የለም ውስጡ" አሉ ጋሽ ይርጋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው። "ሆስፒታሉ ግቢ፣ ዋርካው ሥር አሥራ አራት እናቶች አሉ። ልጆቻቸው ውስጥ ተኝተዋል። የታመመው ልጅ ይመገባል፤ አስታማሚ ግን የራሱን ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣ። እነዚህ ለሳምንት ብለው ቋጥረው የመጡ ናቸው፤ ሁለት ወር ሆናቸው። ድስታቸው ይሄ ነው።"

በዚያው ቀን ተከፋፈልን። ማገዶ ለቃሚ፣ ውሃ ቀጂ፣ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢ። እኔ ግጥም እንደምሞክር ስለሚታወቅ ለእናቶቹ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆንሁ፤ አብሳይም ጨመሩብኝ። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ጭብጥ ሽሮና አንድ እንጀራ እንዲያመጣ ተባለ። ሁዳዴ ስለነበር ሽሮ ይበቃል። እኛ ቤት ሁዳዴ ማለት ሥጋና ወተት የሌለበት ምሳ ማለት ነበር። አባቴ ከናዝሬት መጥቶ ፋብሪካ የተቀጠረ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጎረቤቶቻችንም ከየአገሩ የተሰበሰቡ ደመወዝተኞች ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ ገበታ ይቀርባል። የሰው ሁሉ ሆድ በዚያ ጡሩምባ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ግማሽ በርሜል ጥደን የመጀመሪያውን ቀን አበሰልን። ያን ያህል ሽሮ አማስሎ የሚያውቅ አልነበረም። የማማሰያው ተራ የእኔ ሲሆን በሐሳቤ ቃል እየገጠምሁ ሥሩን አስያዝሁት። ጥቁር ቅርፊት ከታች እየተነሣ እንደ ጀልባ ይንሳፈፍ ጀመር። ጋሽ ይርጋ በማንኪያ ቀመሱና መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ።

"ይሄ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው" አሉ። "ወደ ሽሮነቱ አይመለስም። በሉ አንሡት፣ ይበላል።"

በሁለት ባልዲ ተሸክመን በምሳ ሰዓት ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። እናቶቹ ሲያዩን ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ለእኛ፣ አፍንጫችንን ላልጠረግን ልጆች። እጅ እየነሡ ተቀበሉን። "እደጉ፣ ጵጵስና ይስጣችሁ" ይላሉ፣ ለወንዱም ለሴቱም እኩል። ጓደኛዬ ፍሬሕይወት አፏን በሻሽ ሸፍና ሳቀች። ፍሬሕይወት አያቷ በደሴት ገዳም ያገለገሉ ቄስ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ምርቃት ላይ የምትስቅ እሷ ብቻ ናት፣ ትርጉሙን ስለምታውቅ።

እትዬ አይናዲስን ያገኘኋቸው ያን ቀን ነው። በሐይቁ ማዶ ከደልጊ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በምትመጣው ጀልባ፣ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ማሪቱን አዝለው ነው የመጡት። የማሪቱ የእግሯ አጥንት መግሎ ሁለት ጊዜ ቀደዋታል። ከሰው እጅ አትበላም፤ ከእናቷ እጅ ብቻ። እትዬ አይናዲስ በቀን ሦስት ጊዜ እየገቡ ያጎርሷታል፤ የቀረውን ጊዜ ከመስኮቷ ፊት ለፊት፣ ዋርካው ሥር፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ይቀመጣሉ። ማሪቱ አንገቷን ስታቀና እናቷን ማየት አለባት። ካላየቻት ትጮሃለች። ይህ ስምምነታቸው ነበር።

ሳህኑን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ በዋርካ ቅጠል ከደኑት፣ ከጎናቸው አኖሩት።

"ይብሉ እንጂ እትዬ፣ ይቀዘቅዛል።"

"እሺ ልጄ፣ እበላለሁ። አንቺ ጻፊልኝ። 'ለባለቤቴ ለመለሰ። እንዴት ሰንብተሃል? እኔ ደኅና ነኝ። ማሪቱ ደኅና ናት።'"

"ደኅና ናት እንዴ?"

"ደኅና ናት በይ። እሱ እዚያ ሆኖ ምን እንዲሆን ነው? ጻፊ። 'ጥቁሯ ላም ወለደች ወይ? ከወለደች ጥጃዋን ለማሪቱ ብያታለሁ፤ እንዳትለውጣት።'"

ጻፍሁ። ዝም ብዬ ግን አልጻፍሁም። መጨረሻው ላይ "ማዕበል ተሻግሬ፣ ሐይቅ ላይ አድሬ፣ ያለ አንተ ሆነብኝ ጨለማ አገሬ" ብዬ ከራሴ ጨመርሁ። ሳነብላቸው እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ፣ ቆይ። ይህን እኔ አላልሁም።"

"ግጥም ነው፣ እትዬ።"

"መለሰ ግጥም አያውቅም። ሚስቴ አበደች ብሎ በሬውን ፈትቶ ይመጣል። ሰርዢው።"

ዙሪያ ያሉት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሰረዝሁት። በሕይወቴ የመጀመሪያው እውነተኛ ሐያሲዬ እትዬ አይናዲስ ናቸው።

እንዲህ ሁለት ሳምንት ሄድን። ሁልጊዜ "እሺ፣ እንበላለን" ይሉናል፤ ሁልጊዜ ለከሰዓት ትምህርት እየሮጥን እንመለሳለን። በማግስቱ ሳህኖቹ ታጥበው፣ ተደርድረው፣ ተደፍተው ይጠብቁናል። ማንም ሲበላ ግን አይተን አናውቅም። ይህን ያስተዋልሁ እኔ ነኝ። ዓይኔ ስል ነው እያልሁ እኮራ ነበር። ዓይን ስለት እንዳለው፣ ሊቆርጥም እንደሚችል፣ ገና አልገባኝም።

አንድ ቀን እርሳሴን ረስቼ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዬን ተመለስሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ጸጥ ብለዋል። ሳህኖቹ በየነጠላው ጫፍ ሥር፣ እንደሞሉ፣ ተሸጉጠዋል። አሥራ አራቱም። ጥቁር ቅርፊቶቼ በቀዘቀዘው ሽሮ ላይ ተጋግረው ይታያሉ። ፊቴ ነደደ። ሽሮዬን ንቀውታል፤ ምናልባት በር ላይ ይሸጡታል፣ ምናልባት ለውሻ ይሰጡታል ብዬ አሰብሁ። እርሳሴን አንሥቼ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። በሆዴ ግን ቋጠርሁት።

በዚህ መካከል ጓድ አንዱዓለም መጣ። የቀበሌው የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ ነበር። ያኔ "እርስዎ" እለው ነበር፤ ዛሬ "እሱ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ይህን ያህል መብት አለኝ። ካኪ ልብሱ በካውያ የተቆረጠ ይመስላል። በርሜላችንን ዞሮ አየ።

"ጥሩ ነው" አለ። "ግን ምጽዋት ይመስላል። የተደራጀ ዘመቻ መሆን አለበት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክንዳችን ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ። ከባልዲው በፊት መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ይሄዳል። የምሳው እረፍት ግማሹ በሰልፍ ያልቃል፤ ሽሮው በሰልፍ ላይ ይቀዘቅዛል። በመጪው ዓርብ ከበላይ እንግዳ መጥቶ ስለሚጎበኘን ግጥም እንድጽፍ እኔ ታዘዝሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እንዲህ ጻፍሁ፦

እናቶች አይዟችሁ፣ አትራቡም ከእንግዲህ፤
ተማሪ ይመጣል ሽሮ ይዞ ወዲህ።

ጓድ አንዱዓለም ቀይ እስክርቢቶ አወጣ። "እናቶች አይዟችሁ" የሚለውን "ሰፊው ሕዝብ አይዞህ" አደረገው። ቀጥሎ "ሽሮ" የሚለውን ሰርዞ "ትግል" ጻፈበት። ተማሪ ይመጣል ትግል ይዞ ወዲህ። ትግል በእንጀራ አይበላም ብዬ አሰብሁ፤ አልተናገርሁም። እትዬ አይናዲስ የሰረዙብኝ እውነት ስላልሆነ ነበር። እሱ የሰረዘብኝ እውነት ስለሆነ ነው።

ሰኞ ከሰዓት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ሰው ተራ በተራ ተነሥቶ የራሱን ጥፋት፣ ቀጥሎም የሌላውን ይናገራል። ዝም ያለ እንደ ደበቀ ይቆጠራል። ውሃ ቀጂዎቹ ዘገየን አሉ። ማገዶ ለቃሚዎቹ አጥር ሰበርን አሉ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ተነሣሁ።

"ሽሮ አሳርሬአለሁ" አልሁ። ሳቁ። ሳቁ አናደደኝና ቀጠልሁ፦ "ግን ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አስታማሚዎቹ ምግቡን አይበሉትም። ይደብቁታል። በዓይኔ አይቻለሁ።"

ፍሬሕይወት ከጎኔ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ቅናት መሰለኝ። ጓድ አንዱዓለም ብዕሩን አቆመ።

"የት ነው የሚደብቁት?"

"ነጠላቸው ሥር።"

"ስንት ሰዓት ላይ ነው ያየሽው?"

"ስምንት ሰዓት ላይ።"

ትንሽ ዝም አለ። ያን ዝምታ ስንት ጊዜ መላልሼ አስቤዋለሁ። ከዚያ አጨበጨበልኝ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። ጋሽ ይርጋ አላጨበጨቡም፤ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሳህኖቹን አድለን ሳንጨርስ፣ ጓድ አንዱዓለም ሁለት ዘበኞች አስከትሎ መጣ። ዱላ የሚያህል ማስመሪያ ይዟል፤ ከእኛው ክፍል የተወሰደ። በማስመሪያው ጫፍ የመጀመሪያዋን ሴት ነጠላ ገለጠ። ሳህኑ ወጣ። ሁለተኛዋን ገለጠ። ሦስተኛዋን። የሰው እናት ነጠላ በማስመሪያ ሲገለጥ አየሁ። እትዬ አይናዲስ ዘንድ ሲደርስ ራሳቸው ገልጠው አሳዩት።

"ይኸውላችሁ!" አለ ወደ እኛ ዞሮ። "የተማሪው ላብ! አልተራቡም፣ ያከማቻሉ!"

"ጌታዬ፣ አላከማቸንም" አሉ እትዬ አይናዲስ። "ሰዓቱ አልደረሰም።"

"የምን ሰዓት?"

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

"የምን ሰዓት ነው?" ብሎ ጮኸ።

"የመብላቱ።"

"በአብዮቱ ዘመን ርሃብ ቀጠሮ የለውም!"

ጋሽ ይርጋ አፋቸውን ከፈቱ። አየኋቸው፤ ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወደ ዘበኞቹ አዩና መልሰው ዋጡት። ልጆች ነበሯቸው፣ ጊዜውም ክፉ ነበር፣ ይገባኛል። ሲገባኝም ያናድደኛል።

ምግቡ ወደ ባልዲው ተመልሶ "ማስረጃ" ተብሎ ወደ ቀበሌ ተጫነ። ለእንግዳው ሲባል ግቢው ይጽዳ፣ ከእንግዲህ አስታማሚ የሚባል አይግባ ተባለ። አሥራ አራቱ ሴቶች ሰሌናቸውን ጠቅልለው ከበሩ ውጭ መንገድ ዳር ተደረደሩ። ማሪቱ በመስኮቷ አንገቷን አቅንታ ባዶውን ዋርካ አየች። ጩኸቷ ግቢውን ሞላው። እትዬ አይናዲስ የበሩን ብረት ይዘው "አለሁ! ማሪቱ፣ አለሁ!" ይላሉ፤ ከዚያ ርቀት አይሰማም።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ ፍሬሕይወት በክርኗ ጎሰመችኝ።

"እስከ ዘጠኝ እኮ ነው!"

"ምኑ?"

"ጾሙ ነዋ! ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምሱም። ዘጠኝ ሰዓት ደወል ሲደወል ነው የሚበሉት። አንቺ ደግሞ በስምንት ሰዓት ሄደሽ ስለላ!"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ? ቆንጥጬሽ አልነበር? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነሥቼ እነሱ ይጾማሉ ልበል? አንቺ ስትናገሪ ይጨበጨብልሻል፤ እኔ ብናገር አያቴን ነው የሚጠሩት።"

"እነሱስ ለምን አልነገሩንም?"

"ጾምን ማን አዋጅ ይነግርበታል?" አለችኝ፣ ልክ እንደ አያቷ።

"ጓድ አንዱዓለምም አላወቀም ማለት ነው" አልሁ፣ የምይዘው ነገር ፈልጌ።

ቆማ አየችኝ። "አላወቀም? አባቱ እኮ መሪጌታ ናቸው። ከአያቴ ጋር በአንድ ደብር ነው ያገለገሉት። ያ ሰው ሁዳዴን የተማረው ከፊደል በፊት ነው።"

የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጥለን ወደ ሆስፒታሉ በር ሮጥን። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ደረስን። ሴቶቹ አማተቡ። ቀጥሎ የሚቀርብ ነገር ግን አልነበረም፤ ምሳቸው ማስረጃ ሆኗል። አንዷ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታች፤ ለአሥራ አራት ሰው ሁለት እፍኝ። ፍሬሕይወት ቦርሳዋን ከፍታ ምሳዋን አወጣች። ሳትነካው ውላለች። እሷም እስከ ዘጠኝ ነበረች፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን እኔ፣ ስሏ ዓይን፣ አላየሁም። ቆርሳ አካፈለቻቸው።

እትዬ አይናዲስ የደረሳቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

"ነዪ ጉረሺ። ፊትሽ ገርጥቷል። አንቺም ጾመሽ ነው የዋልሽ?"

ጎረስሁ። አልጾምሁም ለማለት አፌ ሙሉ ነበር።

"ምን አጥፍተን ይሆን ልጄ?" አሉኝ። "አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። ምን አልን? ማን ምን ነገረብን?"

"እንጃ" አልሁ።

ከዚያ በኋላ ክንዴ ላይ በታሰረችው ቀይ ጨርቅ እየገባሁ ማሪቱን ላበላ ሞከርሁ። ለእኔ በሩ ክፍት ነው፤ ለእናቷ ዝግ። እትዬ አይናዲስ ነጠላቸውን ሰጡኝ፤ "ሽታዬን ስታገኝ ትበላለች" ብለው። አልጋዋ ላይ አነጠፍሁላት። አቅፋ አሸተተችው፤ አፏን ግን አልከፈተችም።

"እናቴስ?"

"በር ላይ ናት።"

"ለምን አትገባም?"

"ትመጣለች። ጥጃዋንም ልታመጣልሽ ነው።"

ሐሙስ ዕለት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ጠራኋት። አልዞረችም።

ዓርብ ሆነ። ዋርካው ሥር ተጠረገ፤ ዙሪያው በተደረደሩት ድንጋዮች ላይ ኖራ ተቀባ። ሰሌን ተነጠፈ፤ ሰሌኑ ላይ ሴቶች ተቀመጡ። የታጠቡ፣ የተበጠሩ፣ ነጭ የለበሱ ሴቶች፣ የቀበሌያችን ነዋሪዎች። አንዷን አውቃታለሁ፤ ጎረቤታችን ናት፣ ልጆቿ ሁሉ ጤነኞች። እነዚህ ናቸው "የአስታማሚ ተወካዮች"። ፊት ለፊታቸው የእኛ ሳህኖች ተደረደሩ፤ ፎቶ ግራፍ ተነሡ። እውነተኞቹ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ያዩ ነበር።

እንግዳው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ወፍራም፣ ደከመኝ የሚል ፊት ያለው ሰው። ዳቦና ሻይ ዞረ። እኔ ግጥሜን ይዤ ከጓድ አንዱዓለም ጀርባ ቆሜአለሁ። ዳቦ ደረሰው። ተቀበለ። እንግዳው ሲያየው ወደ አፉ ወሰደው፤ እንግዳው ፊቱን ሲያዞር ሳይነክሰው አወረደው። ሰዓቱን አየ። መሐረቡን አወጣ፣ ዳቦውን ጠቀለለ፣ በኮቱ ኪስ ሸጎጠው። ሻዩን "ጨጓራ አለብኝ ጓድ" ብሎ መለሰው።

ደሜ በአናቴ ወጣ። እዚያው መጮኽ እችል ነበር። ማስመሪያ ፈልጌ ኪሱን በሰው ሁሉ ፊት መግለጥ እችል ነበር። ግን አንድ ጊዜ ተነሥቼ ያየሁትን ተናግሬ ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ጠጋ ብዬ በቀስታ አልሁት፦

"ጓድ፣ እርስዎም እስከ ዘጠኝ ነው?"

ፊቱ እንደ ድንጋዮቹ ኖራ ሆነ። "ምን አልሽ?"

"እነሱም እስከ ዘጠኝ ነበሩ።"

እጁ ሳያስበው ኪሱን ሸፈነ። ከዚያ በጥርሱ መካከል፣ "ግጥምሽን አንብቢ" አለኝ።

አነበብሁ። ሰፊው ሕዝብ አይዞህ። ተማሪ ይመጣል ትግል ይዞ ወዲህ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ጥሩ አድርጌ አነበብሁ። ተጨበጨበልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ያለ ምንም ማስታወቂያ በሩ ተከፈተና አሥራ አራቱ ሴቶች ገቡ። ያኔ ድል መሰለኝ፤ ያፈረ መስሎኝ ነበር። አላፈረም፤ ፈራ። ያፈረ ሰው ይቅርታ ይላል፤ ማንም አንድም ሴት ዘንድ ሄዶ ይቅርታ አላለም። በርሜላችን ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተወስዶ በዚያው ቀረ። ሰኞ ጋሽ ይርጋ ከቤታቸው ትልቅ ድስት ተሸክመው መጡና ወደ እኛ ሳያዩ ተናገሩ፦

"ከዛሬ ጀምሮ ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳል። ምክንያቱ የፀሐይ ሙቀት ነው። ጻፉ፤ የፀሐይ ሙቀት።"

ጻፍን። ፍሬሕይወት ከሥሩ አሰመረችበት።

እትዬ አይናዲስ ግን የገቡ ዕለት እየሮጡ ወደ ልጃቸው አልጋ ሲሄዱ ተከትያቸው ነበር። "ማሪቱ፣ መጣሁ" አሉ። ማሪቱ ከግድግዳው አልዞረችም። ጀርባዋን ዳሰሷት፤ ትከሻዋን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። ጥላኝ ሄደች ብላለች። የአምስት ዓመት ልጅ ስለ ዘመቻ፣ ስለ እንግዳ፣ ስለ ሂስ ምን ታውቃለች? የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ አንገቷን አቅንታ አየች፣ እናቷ አልነበረችም። ሁለት ቀን ሙሉ እትዬ አይናዲስ ለዚያች ትንሽ ጀርባ ስለ ጥቁሯ ላም ሲያወሩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ማሪቱ ወደ ግድግዳው እንዳየች "ወንድ ነው ሴት?" አለች። ስለ ጥጃዋ ነው። ከዚያ አፏን ከፈተች። ሰውነቷ ግን ያጣውን መልሶ ለማግኘት ጊዜ ፈጀ፤ ቁስሏም እንደዚያው ዘገየ።

ሆሳዕና ሲቃረብ ወጡ። ፍሬሕይወትና እኔ ወደ ወደቡ ሸኘናቸው። ማሪቱ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ካልጨበጠች አትታዘልም። ጀልባዋ ጡሩምባዋን ነፋች። እትዬ አይናዲስ እንደ አገሩ ወግ ሊመርቁኝ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

"ያበላሽኝ እጅሽ ይባረክ።"

"አሜን።"

"የጻፍሽበት ጣትሽ አይታጠፍ።"

"አሜን።"

ድምፃቸው ተለወጠ። ማሪቱን በጀርባቸው አስተካከሉና ወደ ሐይቁ እያዩ ጨመሩ፦

"እኔን እንኳ ግድ የለም። ይችን ልጅ ፊቷን ያዞረብኝን፣ በእኛ ላይ የተናገረውን አፍ ግን፣ እግዜር ይየው።"

ፍሬሕይወት አየችኝ። ሰው ሲመርቅም ሲራገምም መልሱ አንድ ነው። ጀልባዋ ገመዷን ፈታች። ጊዜ ነበረኝ፤ "እኔ ነኝ" ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ።

"አሜን" አልሁ።